አንዱ ሸራ አልቆ አንዱ ሳይነካ

ጓንጉል ሲናደድ መሣሪያ ይወረውራል። ይህን ደብረ ታቦር ውስጥ የማያውቅ የለም። ገበያው ዳር ያለችው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ባለመኪና ሁሉ፣ የብሎን መፍቻ ኪያቤ ሲበር ባየ ቁጥር ጎንበስ ማለትን ለምዷል። ያን ቀን ጠዋት ግን ምንም አልወረወረም። የሚያስፈራውም ይኸው ዝምታው ነው። ከጉና ሥር በእህል መኪና ተጭኖ የመጣውን ቀይ ሞተር ሳይክል ዝም ብሎ እያየ ጥርሱን ያፋጭ ነበር።

ሞተሩ የከብት ክትባት ቡድኑ ነው። የሚነዳው ደግሞ የገዛ ወንድሙ ደሳለኝ ነው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ጓንጉል ከመኪና ሥር እየተኛ ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ለክትባት ባለሙያነት ያበቃው አንድ ያለው ወንድሙ። ትናንት ደሳለኝ ከጋሳይ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ የፊቱ ፍሬን እምቢ አለው። የኋላውን ቢረግጥ ኮረቱ ላይ ተንሸራተተበት። እሱ ዘሎ ተረፈ፤ ሞተሩ ከነክትባት ሳጥኑ ገደል ገባ። ለስንት መንደር ከብት የሚበቃ መድኃኒት ድንጋይ ላይ ፈሶ ቀረ።

አሁን ደሳለኝ ክንዱን በነጠላ ቁራጭ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል።

«ነክተውብኝ ነው ጋሼ» አለ። «ካሳው ነው። ከትናንት ወዲያ ማታ እሱ አጥር ሥር አቁሜው አደርኩ፤ ትናንት ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

ካሳው ደሳለኝ ሲከትብ የሰነበተበት፣ ከጋሳይ ወዲያ ያለው ቀበሌ ገበሬ ነው። ባለፈው ክረምት ላሙ በተከተበች ማግስት ጨነገፈችበትና ገበያ መሃል ቆሞ፣ «ይሄ ሞተር ከነነጂው ገደል ይግባ!» እያለ ሲራገም ያልሰማ ሰው አልነበረም። እንግዲህ ሞተሩ ገደል ገባ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል? የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ጌጡ አገሬውን ሜዳ ላይ አስቀምጦ አውጫጭኝ ጠራ። ደንቡ በአዋጅ ቀርቷል ይባል እንጂ እዚያ አካባቢ ማን ይተወዋል! ጥፋተኛው ካልወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ከብት የሚያስገባም፣ እህል የሚቀምስም የለም። ያየ፣ ያወቀ ለሽማግሎቹ በጆሯቸው ሹክ ይላል። ሽማግሎቹም ማን እንደነገራቸው ሳያወጡ «ወፍ ነገረችን» ብለው ስሙን ይጠራሉ። ወፊቱ የካሳውን ስም አውጥታለች። አሁን የሚጠበቀው የመካኒኩ ቃል ብቻ ነው። መካኒኩ «አዎ፣ በእጅ ተነክቷል» ካለ ካሳው የአብዮቱን ንብረት አውዳሚ ተብሎ ወደ ጦር ሜዳ ይሄዳል። ጌጡ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና የተጠየቀው ሰው ጎድሎት ሲባንን የሰነበተ ነው።

«ቆይ ብቻ!» አለ ጓንጉል፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። «የዚህን ሰውዬ እጅ እዚህ ብረት ላይ ላግኘው ብቻ! ወንድሜን ሊገልብኝ!»

የፊቱ ፍሬን ለከተማው አዲስ ዓይነት ነበር። ከጎማው ጋር የምትዞር የብረት ሳህን አለች፤ እሷን ግራና ቀኝ ሁለት ሸራዎች ጨብጠው ያቆሟታል። ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘው ብረት ካሊፐር ይባላል። ጓንጉል መጀመሪያ የፈለገው የተቆረጠ የፍሬን ዘይት ቱቦ ነበር። ቱቦው ደህና ነው። የላላ ብሎን ፈለገ። ብሎኖቹ ድርቅ ብለው እንደጠበቁ ናቸው፤ አንዱን ለመፍታት በመዶሻ መለመን ነበረበት። የፒንሳ ንክሻ የለ፣ የመጋዝ ጭረት የለ።

«ታዲያ በምን ነካው? በጸሎት ነው?» እያለ አጉረመረመ።

ካሊፐሩን ነቅሎ ሁለቱን ሸራዎች አወጣ። በፒስተኑ፣ ሸራውን በሚገፋው ብረት፣ በኩል ያለው አልቆ፣ አልቆ፣ ባዶ ብረቱ ቀርቷል። ያም ብረት ሳህኗን እየፋቀ ዙሪያዋን ቦይ አውጥቶባታል። የማዶውን ሸራ ሲያገላብጠው ግን ዓይኑን ማመን አቃተው፤ ውፍረቱ ከሳጥኑ የወጣ ዕለት የነበረው ነው። አንዱ የለም፣ አንዱ አዲስ! ሁለቱን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ነጂው ፍሬን እያበዛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ባለቁ ነበር። ማታ ሰው ነክቶት ከሆነም ሸራ በአንድ ሌሊት አያልቅም፤ ይሄ የወራት ሥራ ነው። ጓንጉል ይህን ሲያስብ ንዴቱ የሚይዘው አጥቶ መንከራተት ጀመረ። የዚህ ካሊፐር ፒስተን በአንድ በኩል ብቻ ነው። የራሱን ሸራ ሲገፋ፣ ካሊፐሩ በሁለት ዘንጎች ላይ ይንሸራተትና የማዶውን ሸራ ይስበዋል። ዘንጎቹ ከተጣበቁ መንሸራተት የለም፤ አንዱ ሸራ ብቻውን ሲለፋ ሌላው ቆሞ ያያል።

ዘንጎቹን ሳበ። እምቢ። በፒንሳ ይዞ ጠመዘዘ። እምቢ አሉ። ላምባ አፈሰሰባቸው፣ በእሳት አሞቃቸው፣ የሠራቸውን ፋብሪካ እስከ ሰባት ቤቱ ሰደበ፤ በመጨረሻ በመዶሻ ሲወጡ እንደ ሙጫ የደረቀ ጥቁር ነገር ተለጥፎባቸው ወጡ። ከአቧራ የሚከልላቸው የላስቲክ ልባስ፣ ጎሚኒው፣ በቢላ ተቀዷል።

«አገኘሁህ!» ብሎ ጮኸ። «ቢላ!»

ወዲያው ደግሞ ጎሚኒውን ወደ ብርሃን አዞረው። የተቀደደው አፍ ውስጥ ያው ጥቁር ነገር ገብቶ ደርቋል፤ የተቀደደው ትናንት አይደለም። ፒስተኑን አየው። ሸራው ሲያልቅበት ከልኩ በላይ ወጥቶ፣ በግለቱ ዙሪያው ያለው ጎሚኒ አርሮ፣ የፍሬን ዘይቱ በዚያ በኩል ፈሷል። እጀታው ቁልቁለቱ ላይ ሲጨበጥ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። ጥቁሩን ነገር በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አሸተተው። ያረረ ሥጋ ይሸታል።

ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ደሳለኝ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ደሳለኝ ጠጋ ብሎ አየ። «ሞራ ነዋ» አለ።

«የምን ሞራ?»

«የበሬ። ባሕር ዳር ስንሠለጥን እነዚህ ዘንጎች ግራሶ እንዳይለያቸው ተብለን ነበር። ግራሶ ደግሞ ከመጋዘን ጠፋ። አባባ ጠፍራቸውን በሞራ ሲያሹት እንዴት ይለሰልስ እንደነበር ረሳኸው? እኔም በየወሩ ጎሚኒውን በቢላ ፈልቀቅ አደርግና ሞራ አቅልጬ…»

«በየወሩ!»

መዶሻው የበረረው ያን ጊዜ ነው። የጋራዡ ቆርቆሮ ግድግዳ ሲጮህ ገበያው ድረስ ተሰማ።

«አንተ! ጠፍር እኮ ቆዳ ነው! ቆዳ ሞራ ይጠጣል! ይሄ ብረት ነው፣ ሲሠራ እንደ ምጣድ የሚግል ብረት! ሞራ እሳት ላይ ሲረሳ ምን ይሆናል? አያርም? አይደርቅም? ግራሶ ከጠፋስ ወንድምህ ማን ነው? መካኒክ አይደለሁም? አፍ የለህም?»

«ትጮህብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው» አለ ደሳለኝ።

ጓንጉል ሄዶ መዶሻውን አነሣ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ያልቆሸሸውን ጣት ሁሉ ደጋግሞ ጠረገ።

«በል ተነሥ» አለ በመጨረሻ። «እንሄድና ካሳው አይደለም ትላለህ።»

የደሳለኝ ፊት አመድ መሰለ። «ጋሼ በሞቴ! እኔ ነኝ ካልኩ እኮ የሚወስዱት እኔን ነው። ጌጡን ታውቀው የለ? ሰው ነው የጎደለው፣ እውነት አይደለም። ጎሚኒው በቢላ ተቀዷል አይደል? በቢላ ተቀዷል ብለህ ዝም በል። ውሸት እኮ አይደለም። አንተ ካልክ ማንም አይጠይቅህም።»

እውነቱን ለመናገር ጓንጉል ለአንድ አፍታ አሰበው። ካሳው ምኑ ነው? አያውቀው፣ አልበላ አልጠጣ አብሮት። ይሄ ግን አዝሎ ያሳደገው ነው፤ ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ሱፍ ያሰፋለት ልጅ ነው። ከጦር ሜዳ ደግሞ በዚያ ዘመን የሚመለሰው ወሬ እንጂ ሰው አልነበረም። አሰበው፣ በማሰቡም ደሙ ፈላ። በራሱም፣ በልጁም፣ በጌጡም፣ ግራሶ በጠፋበት መጋዘንም ላይ ፈላ። ካሊፐሩንና ሸራዎቹን በጨርቅ ቋጥሮ ብብቱ ሥር ሸጎጠና፣ የወንድሙን ደህና ክንድ ይዞ ወደ ጋሳይ በሚወጣው የጭነት መኪና ላይ ወረወረው።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ርቦት፣ ጥርሱን ነክሶ ተቀምጧል። ገብሱ ደርሶ አልታጨደም፤ ጥጆች ከየቤቱ ይጮኻሉ። አንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ያንጎላጃል፣ ሌላው አጠገቡ ያለውን ያለ ምክንያት ይሰድባል። ካሳው ራቅ ብሎ አንድ ድንጋይ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ሰው የለም። ከሜዳው ዳር ሚስቱ ብዙነሽ መቀነቷን ይዛ ቆማለች።

«መካኒኩ መጣ!» አለ ጌጡ፣ ከወንበሩ እየተነሣ። «በል ጓድ፣ ባጭሩ ንገረን። በእጅ ተነክቷል ወይስ አልተነካም?»

ጓንጉል ጨርቁን ሣሩ ላይ ዘረጋና ሁለቱን ሸራዎች አስቀመጠ። ጌጡን አላየውም። የሽማግሎቹ አለቃ አያ ሙላቴ ነበሩና ለሳቸው ተናገረ።

«አያ ሙላቴ፣ ሁለት በሬ ጠምደው አንዱ ብቻ ቢስብ፣ ትከሻው የሚላጠው የትኛው ነው?»

«የሳቢው ነዋ» አሉ።

«ይኸው የሳቢው። ይኸው ደግሞ የሰነፉ። ያዟቸው፣ እዩአቸው!»

ሸራዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ገበሬዎቹ በአውራ ጣታቸው ዳበሷቸው፤ ያለቀውንና ያልተነካውን አስተያዩ። ለምን አንዱ ብቻ እንዳለቀ፣ ዘንጎቹ በሞራ ተጣብቀው እንዴት እንደታነቁ፣ ይህም የአንድ ሌሊት ሥራ እንዳልሆነ ጓንጉል አንድ በአንድ አስረዳ። ሲያስረዳ ድምፁ እየጨመረ ሄዶ መጨረሻው ላይ ጩኸት ሆነ። ያንጎላጅ የነበረውም ነቃ።

«ይሄሳ? ይሄ በቢላ ነው የተቀደደው!» አለ ጌጡ፣ ጎሚኒውን ከፍ አድርጎ።

«በቢላ ነው። ሞራውን ለመቀባት የተከፈተ ነው፤ ከከረመ ቆይቷል። ውስጡ ደርቆ ይታያል።»

«ማን ነው የቀባው?»

ጓንጉል ዞሮ ወንድሙን አየው። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቷል። ተነሥ፣ ተነሥ አንተ ልጅ፣ አሁን ተነሥ እያለ በዓይኑ ጎተጎተው። ደሳለኝ ሣር ነቀለ።

አያ ሙላቴ ገብቷቸው ኖሮ ድምፃቸውን አለዘቡ። «ልጄ፣ ስሙን መጥራት ከከበደህ ና በጆሮዬ ንገረኝ። ወፍ ነገረችን እንላለን፤ ያንተ ስም አይነሣም። ደንቡ ለዚህ ለዚህ ነው።»

ጓንጉል ወደ ሽማግሌው አንድ እርምጃ ሄደ። እውነትም ቀላል ነበር። ከዚያ ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ካለው ሰው ጋር ተጋጨ። ካሳውም ቀና ብሎ እያየው ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣበት እስከ ዕለተ ሞቱ አያውቅም፤ ጎረቤቱን ሁሉ እንደጠረጠረ ይኖራል።

«ካሳውን እዚያ ያስቀመጠችው ይቺው ወፍ ናት!» አለ ጓንጉል። «እኔ አፍ አለኝ! ሞራውን የቀባው ወንድሜ ደሳለኝ ነው። ተንኮል አይደለም፣ ድንቁርና ነው። ካሳው ሞተሩን በጣቱ አልነካውም። ወንድሜ ይህን ከጠዋት ጀምሮ ያውቃል፤ እያወቀ ዝም አለ!»

ሜዳው ተናወጠ። አንዱ «ወይ ጉድ!» ይላል፣ ሌላው «ቀኑን ሙሉ አስርቦን!» እያለ ወደ ደሳለኝ ይንደረደራል። ለጌጡ ግን ስም ስም ነው፤ የማንም ቢሆን ግድ አልነበረውም።

«እንግዲያው ደሳለኝ ነዋ!» አለ። «ሚሊሻ፣ ያዘው!»

«ቆይ» አሉ አያ ሙላቴ። «ነገሩ ዳኛ ፊት ይታያል። እስከ ቀጠሮው ዋስ ይጥራ፤ ዋስ ካጣ ያን ጊዜ ትወስደዋለህ።»

ሚሊሻ የወሰደው ሰው ዳኛ ፊት እንደማይቀርብ፣ በቀጥታ ማሠልጠኛ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ጓንጉል ዘሎ መሃል ገባ።

«ዋሱ እኔ ነኝ!»

«አይሆንም ልጄ። ያጋለጠ ዋስ አይሆንም። ደንብ ነው።»

«የምን ደንብ! ወንድሜ ነው እኮ! ማን ዋስ ይሁነው ታዲያ? እዚህ አገር ምን ዘመድ አለው?»

«አይሆንም አልኩህ።»

ደሳለኝ ዞሮ ሰዉን አየ። ከብቶቻቸውን ከትቦላቸዋል፣ ቤታቸው አድሯል፣ ጠላቸውን ጠጥቷል። አንዱ ጋቢውን ያስተካክላል፣ አንዱ ደመና ይቆጥራል። ዋስ ነኝ ብሎ የተነሣ የለም።

«ኧረ ወዲያ!» የሚል ጩኸት ከድንጋዩ በኩል መጣ። ካሳው ብድግ ብሎ ቆሟል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። «ኧረ ወዲያ፣ ገብሴ ሊረግፍ ነው! እዚህ ድንጋይ ላይ ስውል፣ ካሳው ይራገማል እንጂ አያደርገውም ያለልኝ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ የለም! ጎረቤቶቼ! አበልጆቼ! አሁንም ዝም? እሺ ዝም በሉ! ዋሱ እኔ ነኝ!»

«አበድክ እንዴ አንተ ሰው!» ብዙነሽ ከዳር ጮኸች። «ሊያስገድልህ የነበረውን!»

«ዝም በይ አንቺ! ለሱ ብዬ መሰለሽ? እዚያ ድንጋይ ላይ ሰው ለብቻው ተቀምጦ ማየት አልችልም፤ አለቀ!»

«ከጠፋ አንተ ነህ የምትሄደው» አለ ጌጡ፣ እንዲያውም ደስ እያለው።

«ሰምቻለሁ!» አለ ካሳውና ጋቢውን ትከሻው ላይ ወርውሮ ማንንም ሳያይ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወንድማማቾቹ ወደ ጋሳይ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ጓንጉል ፊት ፊት ይሄዳል። ጥቂት እንደሄዱ ደሳለኝ ተጠጋው።

«ጋሼ፣ ከጋሳይ መኪና አይጠፋም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሐሙሲት አድርጌ ባሕር ዳር ብገባ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያገኘኛል?»

ጓንጉል ቆመ። «ካሳውስ?»

«እሱማ አገሩ ነው። ጉና ላይ መደበቂያ አያጣም። ደግሞ ገበሬ ነው፣ እስኪይዙት ድረስ…»

ጋራዡ ውስጥ ቢሆን ያገኘውን ሁሉ በወረወረ ነበር። እዚህ የሚወረወር አልነበረም። ይህን ልጅ ነው ያሳደግሁት? ይህን ነው? የወንድሙን ደህና ክንድ ጨብጦ አዞረውና በመጡበት መንገድ መልሶ ነዳው። ደሳለኝ ለመነ፣ አለቀሰ፣ አንድ ጊዜም ሊያመልጥ ሞከረ። ጓንጉል አልለቀቀውም።

ካሳው ደጁ ላይ ጥጆቹን ሲያስገባ አገኙት።

«ምን ረሳችሁ?» አለ።

«ዋስ የሆንክለትን ሰው ይዤልህ መጣሁ» አለ ጓንጉል። «ቀጠሮው እስኪደርስ አንተ ጋ ይደር። በአንድ እጁም ቢሆን ነዶ ይሸከምልህ።»

ካሳው ደሳለኝን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ሊጠፋ ነበር?» ሲል ጓንጉልን ጠየቀ።

ያን ሁሉ ሰው ፊት ሲጮህ የዋለው ጓንጉል አሁን ዓይኑን ወደ ጥጆቹ መለሰ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ወንድሙን አሳልፎ መስጠት አቃተው።

«ልጠፋ ነበር» አለ ደሳለኝ ራሱ።

ካሳው አልጮኸም፣ አልተራገመም። እጁን ዘረጋ።

«ጫማህን» አለ። «እኔ ጋ ያድራል።»

ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ክሩን ታገለ፤ አልፈታ አለው። ጓንጉል ለአፍታ ቆሞ አየው። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበረከከና የወንድሙን ጫማ፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ፈታ፤ ከእግሩ አወለቀና ለካሳው ሰጠው።